እርማት፦ የቴስተሩ አለመብራት ሽቦው ኤሌክትሪክ እንደሌለው አያረጋግጥም

ሶኬት ስለመቀየር በሚሰጡ አስተያየቶች ውስጥ፣ «ካቻቢቴ ቴስተሩ ካልበራ ኤሌክትሪክ የለም፤ ሽቦውን በእጅ መንካት ይቻላል» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተሰጠ መሆኑን ባልጠራጠርም ምክሩ ስህተት ነው።

በቴስተሩ እጀታ ውስጥ ያለችው ትንሽ የኒዮን አምፖል የምትበራው፣ ከሽቦው የሚነሳ እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ፣ ፍሰቱን በሚገድበው ሬዚስተር፣ ከዚያም የኋላውን ብረት በነካው ጣትና በሰውነታችን በኩል ወደ መሬት ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ጣታችን ብረቱን በትክክል ካልነካ፣ በደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ከቆምን፣ አምፖሏ ከተበላሸች ወይም የፀሐይ ብርሃን ፍካቷን ከሸፈነው፣ 220 ቮልት በተሸከመ ሽቦ ላይም የጠፋች ልትመስል ትችላለች። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ በመሰላሉ ምክንያት ቴስተሩ ያልበራለት ሰው ሽቦውን ይዞ በሌላ እጁ እርጥብ ግድግዳ ወይም የውኃ ቧንቧ ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በደረቱ በኩል መንገድ ያገኛል።

ለማረጋገጥ የመስመሩን ብሬከር ማጥፋት፣ ቴስተሩን ኤሌክትሪክ ባለው ሌላ ሶኬት ላይ መሞከር፣ የሚሠራበትን ሽቦ መፈተሽ፣ ወዲያውም ወደ ሌላው ሶኬት ተመልሶ ቴስተሩ አሁንም እንደሚበራ ማየት ያስፈልጋል። በእኔ እምነት ግን ሽቦ ለመንካት የሚያበቃው መሣሪያ፣ በዚሁ መንገድ ከተሞከረ በኋላ፣ ሁለት ጫፍ ያለው የቮልት መለኪያ፣ መልቲሜትር ነው፤ በኤሲ ቮልት (በቤት ኤሌክትሪክ መለኪያው) ላይ ተደርጎ በፌዝና በኒውትራል፣ በፌዝና በኧርዝ፣ በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ይለካል (ፌዝ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው፣ ኒውትራል የሚመልሰው፣ ኧርዝ ከመሬት ጋር የተያያዘው ሽቦ ነው)። ከሦስቱ በአንዱ እንኳ ቮልት ካሳየ ሽቦው አይነካም።