ሥዕሉን ለቆፋሪውም አሳዩት

የማዕድን ኩባንያዎች የሚያሠሩት አኒሜሽን ሲታይ ደስ ይላል። ገልባጭ መኪኖች ተራ ጠብቀው ወደ ኤክስካቫተሩ ይጠጋሉ፣ ይጫናሉ፣ አቀበቱን ወጥተው ደፍተው ይመለሳሉ። ከሥዕሉ ጀርባ ስሌት አለ። ለምሳሌ 6 መኪና በሚበቃው ቦታ 7ኛ ቢጨመር ማዕድኑ አይበዛም፣ ሰልፉ ብቻ ይረዝማል። ይህን በሰንጠረዥ ለሥራ አስኪያጅ ማስረዳት አድካሚ ነው። ሰልፉን ስክሪን ላይ ካየው ግን ወዲያው ይገባዋል።

እኔን የሚከነክነኝ ሥዕሉን የሚያየው ማን ነው የሚለው ነው።

ጥር 17 ቀን 2011 ዓ.ም. ብራዚል ብሩማዲንሆ ውስጥ፣ ቫሌ የተባለው ኩባንያ የብረት ማዕድን ዝቃጭ ያጠራቀመበት ግድብ ተናደ። 270 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ እዚያው የሚሠሩ ነበሩ። የሠራተኞቹ ካፍቴሪያ ከግድቡ ግርጌ ነበር፤ ሰዓቱም የምሳ ሰዓት። ሳይረኑ አልጮኸም። በጣም የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ግድቡ ቢፈርስ ጭቃው የት የት እንደሚደርስ ቀድሞ ተሰልቶ ነበር። በኩባንያው የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ላይ ካፍቴሪያው ጭቃው በሚያልፍበት መስመር ውስጥ ነበር። ያን ስሌት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አድርጎ እዚያው ካፍቴሪያ ማሳየት ምን ይከብድ ነበር? ያየ ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላ ነበር?

የእኛን አገር ሳስብ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣበት የደቡብ ወሎው ደላንታ ትዝ ይለኛል። ኦፓሉ ያለው ገደሉ ላይ፣ በቀጭን ንጣፍ ውስጥ ነው። ወጣቶቹ ንጣፉን እየተከተሉ በእጅ መሣሪያ ዋሻ ይፈለፍላሉ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 20 የሚጠጉ ቆፋሪዎች ዋሻ ተደርምሶባቸው ውስጥ መቅረታቸውን በዜና ሰምተናል።

ለእነዚህ ልጆች ሲሙሌሽን፣ ማለትም በስሌት ላይ የቆመ አኒሜሽን፣ የሚሠራላቸው የለም። ስልክ ግን በየኪሱ አለ። ጣሪያው ያለ ድጋፍ ሲገፋ ከየት እንደሚሰነጠቅ፣ ሳይቆፈር የተተወ ምሰሶ ጭነቱን እንዴት እንደሚሸከም፣ ዝናብ ሲሰርግ ድንጋዩ ምን እንደሚሆን፤ ይህን ሁሉ የሁለት ደቂቃ አኒሜሽን ያሳያል። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ማዕድን ምህንድስና ለሚማር ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። አኒሜሽን ሊያሳስትም ይችላል፤ ያማረ ሁሉ እውነት ይመስላልና። ስለዚህ የድንጋዩ ጥንካሬ እዚያው ደላንታ ተለክቶ ይግባበት። መጀመሪያ የሚያዩትም ቆፋሪዎቹ ይሁኑ፣ የተሳሳተውን እነሱ ያርሙት።