ስሙን የማላውቀው ሸለቆ

ባለፈው ሐምሌ ስዊዘርላንድ ውስጥ ጎምስ የሚባለውን የሮን ወንዝ የላይኛ ሸለቆ ብቻዬን በብስክሌት ወረድሁት። ከኦበርቫልድ እስከ ብሪግ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ዛሬ ከዐይኔ ያልጠፋው ግን ተራራው አይደለም፤ አንዲት ቀይ ሰሌዳ ናት።

መንገድ በተገነጠለ ቁጥር የብስክሌት ምስልና 1 ቁጥር ያለባት ሰሌዳ ቆማ ትጠብቀኛለች። ቁጥሩ እስከ ጄኔቭ የሚዘልቀው የሮን የብስክሌት መስመር መለያ ነው። ካርታ አላወጣሁም፤ ሰው አላስቸገርሁም። ቢጫዎቹ የእግረኛ ሰሌዳዎች ደግሞ የሚቀጥለው መንደር የስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነ ይናገራሉ። በየመንደሩ ገንዳ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ይንፎለፎላል፤ ኮዳዬን ሞልቼ እቀጥላለሁ። ፀሐይ ያጠቆራቸው የእንጨት ጎተራዎች አይጥ እንዳይወጣባቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሰው ግን ብዙም አላየሁም።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀንስ? እሱም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! ያውም ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና የሚወጣ፤ የጎምስ ቁልቁለት 700 ሜትር እንኳ አይሞላም። የዓባይን በረሃ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ በአውቶቡስ ተሻግሬዋለሁ፤ መጋረጃው ተጋርዶ፣ አንዱ እያስመለሰው፣ ሌላው ዳዊት እየደገመ፣ ሁላችንም «አለፍነው?» እየተባባልን። ከፍልቅልቅና ከኩራር በቀር የአንድ መንደር ስም ጥራ ብባል አልችልም። የሰው አገር ሸለቆ መንደሮችን በቅደም ተከተል እየቆጠርሁ የገዛ አገሬን አለማወቄ ያንገበግበኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞክሬው ነበር። ዘመዶቼ «ምን ጎድሎብህ? መኪና እንከራይልህ» ብለው ተቆጡ፤ ለእነሱ ጎልማሳ ሰው ብስክሌት የሚጋልበው ሲቸግረው ነው። ከጎሐ ጽዮን ብዙም ሳልርቅ አንድ ከባድ መኪና ጥሩምባውን ጆሮዬ ሥር ነፍቶ ወደ ገደሉ ጠርዝ ገፋኝ። የምሸሽበት የመንገድ ትከሻ አልነበረም። ሹፌሩ ዞር ብሎ አላየኝም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ወረድሁና ብስክሌቴን እየገፋሁ ፍልቅልቅ ደረስሁ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል እነ ገረመው ደንቦባን በብስክሌት ያሰለፈች አገር ናት፤ ታዲያ ለአንድ ብስክሌተኛ የሚሆን አንድ ሜትር አስፋልት እንዴት ይጠፋል?

ፍልቅልቅ ላይ የሚጭነኝ መኪና ስጠብቅ አንድ አባት ከጀሪካናቸው ውኃ ቀዱልኝ። «የምን ውድድር ነው ልጄ?» አሉኝ። ውድድር እንዳልሆነ፣ አገሩን ለማየት እንደወረድሁ ነገርኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና በዱላቸው ወደ ታች እያመለከቱ ጀመሩ፤ ያ ሸንተረር እንዲህ ይባላል፣ ያ ወንዝ በክረምት ሰው አያሻግርም፣ ከዚያ ማዶ ያለው የእናቴ አገር ነው። መኪናው መጥቶ ጥሩምባ ሲነፋብኝ ገና ግማሹን አልጨረሱም ነበር።