እርማት፦ ሎድ አቨሬጅ የፕሮሰሰር መቶኛ አይደለም

በድሬዳዋ ከዚራ ላለው የኅትመት ቤት ሰርቨር «ሎድ አቨሬጁ 8 ከደረሰ ፕሮሰሰሩ ሞልቷል፤ ቀይሩት» የተባለው ምክር ስሕተት ነው፤ ገንዘብ ሳይወጣ ይታረም። ሎድ አቨሬጅ በአንድ ጊዜ በአማካይ ስንት ሥራዎች እየሠሩ ወይም እየጠበቁ እንዳሉ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሰርቨሩን በሚያሠራው ሥርዓት፣ በሊኑክስ፣ ይህ ቁጥር ፕሮሰሰሩን የያዙትንና ተራ የሚጠብቁትን ብቻ ሳይሆን፣ ዲስክ እስኪመልስላቸው የቆሙትን ሥራዎችም ይቆጥራል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ እያለ የደከመ ሃርድ ዲስክ ብቻውን 8 ሊያደርሰው ይችላል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ በትእዛዝ መስኮቱ (ተርሚናል) «ኤንፕሮክ» (nproc) ብለህ የኮሮቹን፣ ማለትም የፕሮሰሰሩን የሥራ ክፍሎች፣ ብዛት እወቅ። ከዚያ «ቪኤምስታት 1 5» (vmstat 1 5) ጻፍ፤ በየሰከንዱ አንድ፣ በድምሩ አምስት መስመር ያወጣል። የመጀመሪያውን መስመር ተወው፤ ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ ያለው አማካይ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ የ«አር» (r፣ ፕሮሰሰሩን የያዙና ተራ የሚጠብቁ ሥራዎች) ዓምድ ደጋግሞ ከኮሮቹ ብዛት ከበለጠና «አይዲ» (id፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ የፈታበት መቶኛ) ወደ 0 ከተጠጋ፣ እውነትም ፕሮሰሰሩ አንሷል። «ቢ» (b፣ ዲስክ እየጠበቁ የቆሙ ሥራዎች) እና «ደብልዩኤ» (wa፣ ዲስክ በመጠበቅ ያለፈ ጊዜ መቶኛ) ከፍ ካሉ ግን ዲስኩን መርምር።

የሚሠሩትን ፕሮግራሞች በሚዘረዝረው «ቶፕ» (top) ላይ አንድ ፕሮግራም 180 በመቶ ማሳየቱም ብልሽት አይደለም፤ 100 ማለት አንድ ሙሉ ኮር ነው። እዚያው 1 ቁጥርን ስትጫን እያንዳንዱ ኮር ለየብቻው ይወጣል። የሌላው የፕሮግራም መዘርዝር ትእዛዝ፣ የ«ፒኤስ» (ps)፣ የፕሮሰሰር መቶኛ ደግሞ ፕሮግራሙ ከተጀመረ ወዲህ ያለው አማካይ ስለሆነ የአሁኑን መጨናነቅ አትመዝንበት።

የድሬ ሙቀት ግን በእርግጥ ሊጠረጠር ይገባል። ማራገቢያው አቧራ ከያዘ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያው ሥራ ከፍ ያለ መቶኛ ይበላል። ሥራ በበዛበት ሰዓት በ«ፕሮክ» ሥር ያለውን የ«ሲፒዩኢንፎ» ፋይል (/proc/cpuinfo) ከፍተህ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚነግረውን ሜጋኸርዝ እይ። ከመደበኛው በጣም ከወረደ ማሽኑን አጥፍተህ አቧራውን አራግፍ።