ይድረስ ለክቡር ነጩ ዱቄት፣ ለአሉሚኒየም ዝገት፣ የቴስታታዬ (የመኪናዬ ሞተር የላይኛው ክዳን) ነዋሪ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆትና ብረት ከሚላጭበት ከቶርኖ ቤት ሂሳብ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ድሬም እንደሚያውቋት ነች፣ ሰዉ ከቀትር በኋላ ከዚራ ዛፍ ስር ጥላ ይሻማል፣ እርስዎ ግን ምን አለብዎት፣ ሞተር ውስጥ ገብተው ሙቀቱን ወደውት ተቀምጠዋል፣ ያውም ኪራይ የለ፣ ውሃ በነጻ፣ ሶስት አመት ሙሉ!

ይቅርታ ያድርጉልኝና መጀመሪያ አላወቅኩዎትም ነበር። የኮሮላዬ ራዲያተር ክዳን ስር ነጭ ነገር ባየሁ ቁጥር "የድሬ ውሃ ነው ባክህ፣ ካልሲየም ነው" ብዬ በጨርቅ ጠርጌ እዘጋለሁ፣ ምክንያቱም የኛ ቤት ማንቆርቆሪያም ውስጡ እንደዛው ነው፣ ሻወሩም እንደዛው፣ ድሬ ያደገ ሰው ነጭ ነገር አይቶ አይደነግጥም። እርስዎም ይቺን አውቀው ነው ከካልሲየሙ ጋር ተመሳስለው የገቡት።

ከዛ የደንገጎ ዳገት መጣ። አማቴን ይዤ ሐረር ለቅሶ እየሄድኩ፣ ከኋላ ሁለት አክስቶች፣ ኤሲ የለም፣ ጠመዝማዛው ላይ ሙቀት መለኪያው ቀስ እያለ ወደ ቀዩ ሲጠጋ እኔ ሬዲዮ እያስተካከልኩ ነው። እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሲወጣ አማቴ በስመአብ አሉና ከቦርሳቸው ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አውጥተው "በል አጠጣት ልጄ" አሉኝ። ሞተሩ ሲበርድልኝ አጠጣኋት። እንደለመደችው።

በማግስቱ መካኒኩ ቴርሞስታቱ (ለሞተሩ ውሃ እንደ ሙቀቱ መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው) የተቀመጠበትን የአሉሚኒየም አንገት ሲፈታ እርስዎ በክብር መዳፉ ላይ ፈሰሱ፣ እንደ ዱቄት፣ ትንሽ እርጥብ፣ ግራጫ የተቀላቀለበት። ቱቦው የሚገባበት ከንፈር አይጥ የበላው ይመስላል። ካቻቢቴውን አንስቶ ጫፉን ሲነካው እንደ ቂጣ ሰመጠ፣ እኔ ብረት ብዬ የማምነው ነገር! ቴስታታው ሲወርድ ደግሞ የውሃ መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ተበልቶ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) የሚያርፍበት ቦታ ተቦርቡሯል። ቀና ብሎ አየኝና "አቦ ውሃ ብቻ ነው እንዴ የምታጠጣው? መኪና ነው ያለህ ግመል?" አለኝ።

እዚህ ላይ ለችሎታዎ አድናቆቴን ሳልገልጽ ማለፍ ነውር ነው። አሉሚኒየም እኮ ዝም ብሎ ራሱን የሚያስበላ ሰው አልነበረም፣ አየር ሲነካው ራሱ ላይ ስስ ልባስ ያበጃል፣ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ፣ ከጸጉር ከአስር ሺህ ጊዜ በላይ የሚቀጥን፣ እና ያቺ ልባስ እስካለች ድረስ ለእርስዎ ቦታ የለም። እርስዎ ግን ታጋሽ ነዎት፣ ጨው ያለበት ውሃ ልባሷን አንድ ነጥብ ላይ እስኪበሳልዎት ጠብቀው በዛች ቀዳዳ ይገባሉ። የኔ ብሎክ (የሞተሩ ዋና አካል) ደግሞ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም፣ መሀላቸው ጨዋማ ውሃ፣ በቃ ባትሪ ሆነ ማለት ነው፣ እና በዚህ ባትሪ ውስጥ ሁሌም ተበልቶ የሚያልቀው አሉሚኒየሙ ነው። ብረቱ ደህና ቁጭ ብሎ ጎረቤቱ ሲያልቅ ያያል። (ይሄን የመሰለ ጎረቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ።)

ታማኝ ወዳጅዎ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ ከውሃ ጋር የሚቀላቀለውን፣ በብርድ እንዳይረጋ የሚያደርገውን ፈሳሽ) ግዛ ሲሉኝ "ድሬ በረዶ ይጥላል እንዴ?" እያልኩ ስስቅ ከርሜያለሁ፣ ለካ ነገሩ የበረዶ ብቻ አይደለም፣ ዝገት የሚከላከለው ቅመም እሱ ውስጥ ነው ያለው፣ የመፍያ ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል። ድሬ እኮ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ስለሆነች ተራ ውሃ በድስት ሲጣድ 96 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ደንገጎ ሲወጡ ደግሞ ከዛም ያንሳል።

ግብረ አበሮችዎን ግን ዝም አልልም። ሞተር የሚያጥበው ልጅ በጋለ ሞተር ላይ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ሳሙና ይደፋል፣ ያ ነገር ልባሱንም አሉሚኒየሙንም አረፋ እያስደፈቀ ነው የሚበላው፣ እኔ ደግሞ አረፋውን አይቼ "ጎበዝ፣ ጸዳች!" ብዬ ጉርሻ እሰጠዋለሁ። በውሃ ላይ አረንጓዴ ቀለም ጠብ አድርገው ኩላንት ነው የሚሉትንም እርስዎ ሳያውቋቸው አይቀሩም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ነው። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ተልጦ ተመልሷል፣ አንገቱ ተቀይሯል፣ የውሃ መንገዱ በሙሉ ታጥቧል፣ የገባው ደግሞ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። (የባትሪ ውሃ አልኩ፣ አሲዱን አላልኩም፣ አንድ ጓደኛዬ ሱቅ ሄዶ አሲዱን ሊያስቀዳ ለትንሽ ነው የተረፈው።) የቧንቧውን ውሃ የተውኩት ካልሲየሙ ግድግዳው ላይ እየተጋገረ ሙቀት ስለሚያፍን ነው፣ ከአንዳንዱ ኩላንት ፎስፌት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጭራሽ ይባስበታል። ኩላንቱም ዘላለማዊ ስላልሆነ፣ ቅመሙ ያልቃል፣ እየቆየም አሲድ እየሆነ ይሄዳል፣ በየሁለት አመቱ ልለውጠው ኮፈኑ ውስጥ ቀኑን በማርከር ጽፌያለሁ። ቀይና አረንጓዴ ኩላንት መቀላቀልም ቀርቷል፣ ይሄ ጁስ ቤት አይደለም።

ግልባጭ፡ ሐረር ላሉት ለፔጆ 404 ሽማግሌዎች፣ እነሱም ብረት ብሎክ ላይ አሉሚኒየም ቴስታታ ተሸክመው ነው እዚህ የደረሱት፣ ያውቁዎታል።

ግልባጭ፡ ለአማቴ። ያለፈው እሁድ ደግሞ መኪና ውስጥ ሲገቡ ያቺኑ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይዘው ገቡ፣ "ለመኪናዋ ነው" አሉኝ። ደንገጎ ሳንደርስ እኔው ጠጣሁት።