ፈረስ ያደርሳል እንጂ

ሰላም ሳይለኝ ብስክሌቴን አነሳት። ሰረቃት ማለቴ አይደለም፤ ሌባ ቢሆንማ "ቢያንስ ወዷት ነው" ብዬ እጽናና ነበር። በሁለት ጣቱ ከኮርቻዋ ሥር ይዞ ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ አደረጋት፤ ዓይኑን ወደ ላይ ሰቅሎ ትንሽ አሰላሰለ፤ መልሶ አስቀመጣትና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

"አሉሚኒየም ናት አይደል? አይዞህ።"

አይዞህ የሚባለው ለታመመና ለከሰረ ሰው ነው። እኔ አልታመምኩም። በዚያች በታዘነላት ብስክሌት የፖቶማክን ዳር ይዤ እስከ ማውንት ቨርነን ሄጄ፣ ተመልሼ፣ ማኪያቶዬን አጋምሼ ነበር የጠበቅሁት። እሱ የመጣው በመኪና ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ ቡና ቤት በር ላይ የምንሰበሰብ ሐበሾች አለን። ስማችን የብስክሌት ቡድን ነው። ጥቂቶቻችን እንነዳለን፤ የቀሩት ክብደት ሊገምቱ ያነሳሉ። በግ ተራ ሄዶ የበግ ወገብ የሚጨብጥ ሰው ቢያንስ ሊገዛ አስቦ ነው፤ እነዚህ ግን የሚጨብጡት ሊያዝኑልህ ነው።

ባለ አይዞሁ ወዳጄ ነው፤ ሚስቱ ስለምታነብ ስሙን አልጠራም። የሚነዳት ደህና ብስክሌት ነበረችው፤ ሸጣት። "የህልሜን እየገነባሁ ነው" ይላል። ግንባታው የሚካሄደው ምድር ቤቱ ውስጥ ሲሆን እስካሁን ያለቀው የሥራ ክፍል ሳጥን መደርደር ነው። ቴላዮው፣ ማለትም የብስክሌቱ አጽም፣ በአንድ ረጅም ሳጥን፣ ቸርኬዎቹ በሁለት ሰፋፊ ሳጥን፣ ፔዳሉ በትንሽ ሳጥን። ሳጥኖቹ አይጣሉም፤ ኋላ ሲሸጥ ዋጋ ይጨምራሉ። ገና ያልተገጠመ ብስክሌት ሽያጩ ታስቦለታል።

እኩለ ሌሊት ላይ ስልኬ ይጮኻል። ሁለት የመሪ መጠቅለያ፣ ጎን ለጎን ፎቶ ተነስተው። "የቱ ይሻላል? ያንተን ምክር ነው የምፈልገው።" ከአልጋዬ ተነስቼ፣ መነጽሬን ፈልጌ፣ አስቤ እመልሳለሁ። "አይ፣ ሌላኛውን አዝዤዋለሁ። ለማንኛውም እግዜር ይስጥልኝ።" ይህ ሰው ምክር አይፈልግም፤ ምስክር ነው የሚፈልገው። ደግሞ ምስክር በቀን ነው የሚጠራው።

ትልቁ ፈተና ግሩፕሴት ነው፤ ማርሹ፣ ፍሬኑ፣ ካቴናው፣ ሁሉም ማለት ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ዕቃውም የፈረንጅ ነው።) ሺማኖ በ1921 ጃፓን ውስጥ ሳካይ ከተማ ተቋቁሞ ዱራ ኤስ የተባለውን ቁንጮውን ከ1973 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ስራም በ1987 ቺካጎ ተወልዶ በ2015 ገመድ አልባ ማርሽ ይፋ አድርጎ ሽማግሌዎቹን ያስደነገጠ ነው። ካምፓኞሎ ደግሞ ጣሊያን፣ ቪቼንዛ፣ 1933። የወዳጄ ልብ ያለው እዚህ ነው። ቱሊዮ ካምፓኞሎ በ1927 ክሮቼ ዳውኔ የሚባል ተራራ ላይ ሲወዳደር ብርዱ ጣቱን አደንዝዞት የጎማውን ብሎን መፍታት አቃተው፤ በዚያ ቁጭት ያለ መፍቻ በእጅ ብቻ የሚከፈተውን የጎማ ማሰሪያ ፈለሰፈ ይባላል። ወዳጄ ይህን ሲተርክ ድምፁ ይለወጣል፤ ገድል የሚያነብ ነው የሚመስለው። ታሪኩን እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ፣ የእሱ ቴላዮ ለዲስክ ፍሬን የተሠራ ስለሆነ ጎማው የሚታሰረው በወፍራም ዘንግ ነው፤ ዘንጉም የሚፈታው በቁልፍ ነው። ወዳጄ ዕንባ የሚያቀርርለት ፈጠራ በራሱ ብስክሌት ላይ የለም።

ይህን ስነግረው "አንተ ታሪክ አታከብርም" አለኝ። በ2023 ካምፓኞሎ ሱፐር ሬኮርድ የተባለውን ገመድ አልባ ግሩፕሴት ሲያወጣ በአውራ ጣት የሚነካውን የማርሽ ቁልፍ በማስቀረቱ ግን ቡና ቤቱ ለሳምንታት ስለ አውራ ጣት ብቻ ነበር የሚያወራው። አንድ ሰውዬ የሐዘኑን ጥልቀት ሲያስረዳ አውራ ጣቱን አቁሞ ነበር። ያኔ አምስት ሺህ ዶላር ገደማ ያወጣ ለነበረ ዕቃ ጣት መከበር አለበት፤ አልካድኩም።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይኸው ወዳጄ "ጎማ ማለት ስፋቱ 23 ሚሊሜትር ነው፤ እስኪደነግይ ይነፋል" ይለኝ ነበር። 28 የገጠምኩ ዕለት "ሞተር ሳይክል ገዛህ እንዴ?" ብሎ ሰው አስቆብኛል። ዛሬ 30 ካልሆነ አይነካም። ሰፊ ጎማ አየሩ ዝቅ ሲል ሸካራ መንገድ ላይ ስለማይነጥር ጉልበት አያባክንም፣ ስለዚህ ይፈጥናል ብሎ እኔኑ ያስተምረኛል። ልክ ነው። የዛፍ ሥር አስፋልቱን ባነሳበት፣ የእንጨት ድልድዩ በሚያንቀጫቅጭበት በእኛ መንገድ ላይማ በጣም ልክ ነው። የሚያበግነኝ እሱ አይደለም። የሚያበግነኝ የ23ቱ ዘመን ከነአካቴው እንዳልነበረ መቆጠሩ ነው። ይህን ዓይነት ሰው ከአገር ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። በአንዱ መንግሥት ስብሰባ ላይ ግራ እጁን ጨብጦ መፈክር ሲያስተጋባ ነበር፤ በሚቀጥለው መንግሥት ሁለት እጁን አንድ ላይ ያጨበጭባል፤ ያም ሲለወጥ ታገኘዋለህ፣ ፊት ወንበር ላይ። ያኔ በዝምታህ ጠረጠረህ፤ አሁን ደግሞ "አንተ ዛሬም አልነቃህም?" ይልሃል። "እንደ ንጉሡ አጎንብሱ" የሚለው ተረት የሚናገረው ስለ ማጎንበስ ብቻ ነው። አጎንብሶ ሲያበቃ፣ ከአጠገቡ የቆመውን "ምን ገተረህ?" ብሎ ስለሚሳደበው ምንም አይልም። ጎማ ነው የማወራው። ጎማ ብቻ።

ከተረት ሁሉ አብልጬ የምወደው "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" የሚለውን ነው። አራት ቃል ነው፤ ምንም አይጨመርበትም፤ ግራሙን ልክ ይዟል። ለወዳጄ ስነግረው ግን ያልጠበቅሁትን መልስ ሰጠኝ። "ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ፣ አሉላን አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መቻል እያለ በፈረስ ስም የሚጠራ ሕዝብ ፈረስ ምንም አይደለም ሊል ነው?" እውነቱን ለመናገር ጥሩ መልስ ነው፤ እስከ ማታ ድረስ አናዶኛል። ማታ ላይ የመጣልኝ ግን ይህ ነው፦ የፈረሱን ስም ሁሉም ያውቃል፤ እርካቡ ከምን እንደተሠራ ሲከራከር የሰማሁት ሰው የለም። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ፈረሳቸውን በዘርፍና በቀለም አንቆጥቁጠው ይወጣሉ፤ እሰየው፤ ግን ይጋልባሉ! ፈረሱን በሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ አላየሁም። ወዳጄ ላልተገጠመው ብስክሌቱ የፈረስ ስም ሊያወጣ እያሰበ ነው። አባ ሳጥን በለው ብዬዋለሁ።

በዚህ መካከል የቢኒያም ግርማይ ነገር ይመጣል። ኤርትራዊው ልጅ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት የቀን ውድድር አሸንፎ አረንጓዴውን የነጥብ አሸናፊ ማሊያ ሲወስድ ቡና ቤታችን ሠርግ ቤት ሆኖ ነበር። አንዱ፣ በ2016 ቱሩን የነዳው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ ታላቅ ወንድሙ ነው ብሎ ተወራረደ፤ ሁለቱም "ግርማይ" ስለሚባሉ ነው እንጂ ወንድማማች አይደሉም። አስተባባይ ሲጠፋ እልልታው ቀጠለ። ወዳጄ ግን በእልልታው መሀል ስልኩን አውጥቶ "ከኋላ ያለው ትልቁ ማርሽ ስንት ጥርስ ነው?" እያለ የብስክሌቱን ፎቶ ያጎላ ነበር። ልጁን አላየውም።

ክብደትን እናንሳ። የዓለም የብስክሌት ማኅበር ከ2000 ጀምሮ የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ በታች እንዳይሆን ደንግጓል። ወዳጄ ተወዳድሮ አያውቅም፤ የሚወዳደርም አይመስለኝም፤ ግን 6.8 አልበቃውም፤ 6.5 ይፈልጋል። ሕግ ቢጥስ የሚከሰው የለም። ቤልጂጋዊው የብስክሌት ጀግና ኤዲ መርክስ በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር ሲነዳ ለክብደት ሲባል ካቴናው ሳይቀር ተበስቶ ነበር። ያ ሰው መርክስ ነበር። የእኛው የብረቱን ብሎን በቲታኒየም ብሎን ለውጦ፣ በቡና ሚዛን መዝኖ፣ የተረፈችውን ጥቂት ግራም በቡድኑ ቴሌግራም ላይ ያበስራል። የሰውየውን ሆድ አላነሳም። ሆድ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ካቴናውንስ? ቀቀለው። ቀልድ አይደለም፤ ዘይት ቆሻሻ ስለሚይዝ ካቴናን በቀለጠ ሰም መንከር ያዋጣል፤ ንጹሕ ነው፤ ዕድሜውንም ያረዝማል። ግን ሰሙን ያቀለጠው ሚስቱ የዶሮ ወጥ በምታቁላላበት የኤሌክትሪክ ድስት ነው። ሰሙ ከድስት፣ ወርቁ ከባንክ ደብተሯ! ደውላ "ወንድሜ፣ አንተ ነህ የመከርከው?" ስትለኝ ምን እንደምመልስ አጣሁ። እንግዲህ ለዚህ ነው ምስክር የሚሰበስበው።

እኔ ዕቃ መምረጥ የተማርኩት ባሕር ዳር ነው። ልጅ ሳለን ፊኒክስ ብስክሌት በሰዓት እንከራይ ነበር። ፍሬን ያላት ኮርቻዋ ይዞራል፤ ኮርቻዋ ደህና የሆነችው ፍሬን የላትም፤ ሁለቱንም ያሟላችው ጠዋት በማለዳ በትልልቆቹ ትወሰዳለች። ምርጫችን መውደቂያችንን መምረጥ ነበር። አከራዩን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ግድግዳው ላይ የሰቀላት ሰዓት ከከተማው ሁሉ የምትቀድም ነበረች፤ ሐይቁ ጋ ደርሰን ሳንመለስ "አልቋል" ይላል። "ጋሼ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እኮ ገና አልተደወለም" ብለው "ቤተ ክርስቲያን ብስክሌት ያከራያል?" አለኝ። አንድ ቀን ከመጀመሪያውም በሽቦ የታሰረች ፔዳል እጄ ላይ ወለቀች። "ሰበርካት" ብሎ መያዣ የሰጠሁትን የሒሳብ መጽሐፍ አስቀረብኝ። አባቴ ሌላ አልገዛልኝም። ዛሬም ክፍልፋይ ሳይ ውስጤ የሚቆጣው በእሱ ነው። የብስክሌት ነጋዴ ሁሉ፣ እነ ፕሮፌሽናል ነኝ ባዩም ጭምር፣ የሚታየኝ በእሱ ሰዓት ነው፤ አዲስ ቴላዮ ገዝተህ ገና ሳትነዳው "ሞዴሉ አልቋል" ይሉሃል።

ስለ ማንሳት ነበር የጀመርኩት መሰለኝ። ባጭሩ፣ የሰው ብስክሌት ሳታስፈቅዱ አታንሱ።

ወዳጄ ግን ስለ ጠየቀኝ ብቻ እመልሳለሁ፤ ሌሊት ያላደመጠውን ቀን ያንብበው። የፔዳሎቹ ዘንግ ቴላዮው ውስጥ የሚዞርበት ኩሽኔታ በጥርስ የሚጠብቅ ይሁን፤ ተገፍቶ የሚገባው ዓይነት ከሰነበተ በየዳገቱ እየተንቋቋ ሰላም ይነሳሃል፤ ለማስወጣትም መዶሻ ይፈልጋል። ጎማው 30 ይሁን፤ በአዲሱ እምነትህ እስማማለሁ። ከኋላ 34 ጥርስ ያለው ማርሽ ግጠም፤ ዳገቱ ስለ ኩራትህ አያውቅም። የሴራሚክ ኩሽኔታውን መልሰው፤ የምታተርፈውን ጉልበት ነፋሱ ወዲያው ይወስድብሃል። ከመሪው ሥር ያሉትን ቀለበቶች ደግሞ "መሪው ዝቅ ሲል ነው የሚያምረው" ብለህ እንዳታወጣ። ወገብህ ያንተ ነው፤ የሚያምረው ለሚያየው ሰው ነው። ለይሉኝታ ብሎ ጎንብሶ ሁለት ሰዓት መንዳት የትም አገር አላየሁም፤ እኛ ቡድን ውስጥ ግን ሁለት አሉ፤ ሁለቱም አሁን ፊዚዮቴራፒ ናቸው። ግሩፕሴቱ የፈለግኸው ይሁን፤ ሦስቱም ማርሽ ይቀይራሉ።

የቀረው የኮዳ መያዣው ቀለም ነው። ጥቁር ይሁን ብያለሁ። ነጩ ትናንት ቤት እንደደረሰ ከሚስቱ ሰምቻለሁ።