ፍላሹ ሞልቷል፣ እጁ ግን ኮድ አልጻፈም

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጅማ ከተማ፣ መንደራ አካባቢ በአንድ ጓደኛዬ ሱቅ ተቀምጬ፣ ኮድ የከበዳቸውን ተማሪዎች እረዳለሁ። በቅርቡ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ላፕቶፗን በፌስታል ጠቅልላ መጣች። «ቲቸር፣ ፓይተን ለመማር የቱ ዌብሳይት ይሻላል?» አለችኝ፤ ፓይተን ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት እስካሁን በምን ስትማር እንደቆየች ጠየቅኳት። ከቦርሳዋ 64 ጊጋባይት ፍላሽ አወጣች። ከሲኒየሮቿ የተቀበለቻቸው፣ ከቴሌግራም ያወረደቻቸው ስድስት ሙሉ ኮርሶች ነበሩበት፤ ሁሉም ቪዲዮ። ከእያንዳንዱ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ክፍሎች አይታለች። በራሷ እጅ የጻፈችው ፋይል ግን አንድም አልነበረም።

ይህን የማነሳው እሷን ለመውቀስ አይደለም። እኔ ዘንድ የሚመጡት አብዛኞቹ ተማሪዎች እንዲሁ ናቸው። ጥያቄያቸው «የቱ ይሻላል» ነው፤ መልሱንም በየግሩፑ በየቀኑ ያገኙታል፣ ሊንክ በሊንክ ላይ ይከመራል። እኔ ግን ጅማ ላይ ሆኖ ፕሮግራሚንግ ለሚማር ሰው መመዘኛው ሁለት ብቻ ነው እላለሁ። መብራትና ኔትወርክ ሲሄድ ትምህርቱ አብሮ ይሄዳል ወይስ ይቀራል? ተማሪውን ያስጽፈዋል ወይስ ሌላው ሲጽፍ ያሳየዋል? የአስተማሪው ዝና፣ የኮርሱ ርዝመት፣ የተመልካቹ ብዛት ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም መመዘኛ ይወድቃል። በመካከለኛ ጥራት የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል፤ ከቤተሰብ በሚላክ ብር ጥቅል ለሚገዛ ልጅ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የሚፈጥረው ስሜት ነው። ጎበዝ ሰው ሲጽፍ ስናይ ሁሉም ይገባናል። ባዶ ገጽ ፊት ስንቀመጥ የመጀመሪያው መስመር እንኳ አይመጣልንም። ተማሪው ታዲያ ጉድለቱን ከራሱ ጭንቅላት ይቆጥረዋል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ በጣምም ያሳዝነኛል። ጉድለቱ ያለው ከልምምዱ ነው።

ለዚያች ተማሪ የሰጠኋት የፓይተን ቋንቋ አዘጋጆች ራሳቸው ያወጡትን መማሪያ ነበር። ከቋንቋው ሙሉ ሰነድ ጋር በነፃ ይወርዳል፤ መጠኑም ከአንድ መካከለኛ ቪዲዮ ያንሳል። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም። ልጆቻችን «ዶክመንቴሽን» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ይሸሻሉ፤ እንግሊዝኛው ያስፈራቸዋል። ሦስተኛውን ምዕራፍ ግን አብረን ስናነብ እንግሊዝኛው አጫጭር ዓረፍተ ነገር ሆኖ አገኘችው። ምዕራፉ ፓይተንን እንደ ካልኩሌተር ይጠቀማል፤ መደመር፣ ማካፈል፣ ከማካፈል የሚተርፈውን ቀሪ ማግኘት።

እዚያ ላይ ቆምን። ቤተሰቦቿ አጋሮ አካባቢ ቡና ያመርታሉ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ እንደሆነ ከልጅነቷ ታውቃለች። 300 ኪሎ ጀንፈል ስንት ፈረሱላ እንደሚሆን የሚነግር ፕሮግራም ጻፊ አልኳት። ለሙሉው ቁጥር አንድ ምልክት፣ ለቀሪው ሌላ ምልክት። ሦስት ጊዜ ኢረር (የስህተት መልእክት) አወጣባት፤ በአራተኛው 17 ፈረሱላ ከ11 ኪሎ አለ። የቫሪያብሉን፣ ማለትም ቁጥሩ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ስም «ኪሎ» ብላ በፊደላችን ጻፈችው፤ ፓይተን 3 ይህን ይፈቅዳል። እስከዚያ ቀን የቫሪያብል ስም የግድ በእንግሊዝኛ ፊደል መሆን አለበት ብላ ታምን ነበር።

ቀሪ የምትለዋን ስሌት ከያዘች በኋላ ወደ ፊደል ገበታ ሄድን። የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር ወደሚመዘግበው ዩኒኮድ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ዘንድ እያንዳንዱ ፊደላችን ቋሚ ቁጥር አለው። ሀ 4608 ነው፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610። ለ ደግሞ 4616 ላይ ይጀምራል፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ስምንት ቦታ ተይዟል ማለት ነው። እንግዲህ ከፊደሉ ቁጥር 4608 ቀንሰን ለስምንት ብናካፍል፣ ቀሪው ፊደሉ ስንተኛ እንደሆነ ይነግረናል። «ጅማ» በሚለው ስም ሞከረችው። ለጅ 5 መጣ፣ ለማ 3። ፊቷ ተቀየረ፤ ጅ ሳድስ ነው፣ ስድስተኛ፤ ለምን 5 አለኝ? ማ ራብዕ ነው፣ ለምን 3? ኮምፒውተር ከዜሮ መቁጠር የሚጀምር መሆኑን በስንት ሌክቸር ሰምታለች። የገባት ግን ያን ጊዜ፣ ሕፃን ሆና በጣቷ እየጠቆመች በቆጠረችው ገበታ ላይ ነው።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ያንን ሁሉ ስንሠራ መብራት ጠፍቶ በላፕቶፗ ባትሪ ነበር፤ ከኢንተርኔት የጠየቅነው አንድም ነገር አልነበረም። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪም ቢሆን ፓይድሮይድ የሚባለውን አፕ አንድሮይድ ስልኩ ላይ አንዴ ቢጭን፣ ያለ ዳታ ፓይተን መጻፍና ማስኬድ ይችላል። በስልክ ኪቦርድ ቅንፍ መፈለግ እጅ ያደክማል፤ ቢሆንም ይቻላል።

ከዚያ ቀጥሎ አንድ ረጅም ኮርስ የሚፈልግ ካለ፣ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲን ሲኤስ 50 እመክራለሁ። ነፃ ነው። ስለ ሌክቸሩ ብዙ ይወራል፤ እኔ የምወድደው ግን ከየሳምንቱ በኋላ የሚሰጠውን ሥራ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ተጠቃሚው በመረጠው ቁመት የደረጃ ቅርጽ በምልክት መሥራት ነው። ለማየት ቀላል ነው፤ ለመጻፍ ግን ጀማሪን ቀኑን ሙሉ ያስቀምጣል፤ ሉፕ (ድግግሞሽ) በሉፕ ውስጥ ምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ አይረሳም። ቪዲዮውን ለማውረድ አቅም የሌለው ደግሞ የየሳምንቱን የጽሑፍ ማስታወሻ አንብቦ ሥራውን ይሥራ። ዌብ ለሚፈልጉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ በነፃ የሚያስተምረው ፍሪኮድካምፕ አለ፤ እሱም እያስጻፈ ነው የሚያስተምረው። ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። አንዱን ጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሌላው መዝለል ስድስቱ ኮርስ ወዳለበት ፍላሽ መመለስ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር ብዙ ወጣት ወደዚህ ሙያ እንዲመለከት አድርጓል፤ በዚህ ደስተኛ ነኝ። የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ግን በየፌስቡኩ ሲለጠፍ፣ ከጎኑ ልጁ የሠራውን አንድ ትንሽ ፕሮግራም ማየት እመኛለሁ። ሥራውን ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ምንም አያስከፍልም። ቀጣሪም ቢሆን ያንን ከፍቶ ማየት ይችላል።

ቻት ጂፒቲና መሰሎቹ ከመጡ ወዲህ ደግሞ አሳይመንቱን ከነመልሱ ገልብጦ የሚያስገባው በዝቷል። የሰው ወርቅ አያደምቅም። እነዚህን መሣሪያዎች የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ ኢረሩን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እንዲያብራሩ መጠየቅ ለልጆቻችን ትልቅ እርዳታ ነው። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ቅደም ተከተል ግን ይህ ነው፤ መጀመሪያ ራሳችሁ ጻፉ፣ ሲበላሽ ኢረሩን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ፣ ካልገባችሁ ያንን መስመር ብቻ ጠይቁ።

እስካሁን ያልኩት ተማሪው በራሱ የሚችለውን ነው። ከእሱ በላይ የሆነውም አለ። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ሙሉ ድረ ገጾችን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ዊኪፔዲያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ የፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ የተጠራቀመበት ስታክ ኦቨርፍሎ፣ የየቋንቋው ዶክመንቴሽን ሁሉ ተዘጋጅቶለታል። ይህ ደግሞ ስርቆት አይደለም፤ ዊኪፔዲያም ሆነ ስታክ ኦቨርፍሎ ላይ ያለው ጽሑፍ ምንጩን በመጥቀስ እንዲባዛ ፈቃድ የተሰጠበት ነው። ሁሉም አንድ ቴራባይት ዲስክ ላይ ይገባል። አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና አንድ የዋይፋይ ራውተር ካለ፣ ግቢው ውስጥ ያለ ተማሪ ሁሉ በስልኩ ገብቶ ያነበዋል፤ የውጭው መስመር ተቋርጦም ቢሆን።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር በሆነ ትምህርቱ የታወቀ ነው። ተማሪዎቹን ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር እየላከ ጤናውን፣ እርሻውን፣ ውኃውን ከነዋሪው ጋር ያጠናል። የኮምፒውተር ተማሪዎች ደግሞ ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ ናቸው። እነዚህ ልጆች ወደ ማኅበረሰቡ ሲወጡ፣ እንዲህ ያለ ዲስክ ይዘው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቢተክሉ ለምን አይሆንም? ተካዩ ራሱ ሰርቨር ማቆም ይማርበታል፤ የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ይጽፍበታል። የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ ከመጋዘን የሚወጣ ኮምፒውተርና በየሴሚስተሩ ፋይሉን የሚያድስ ሰው ነው።

ተማሪዋ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች። ፍላሹን አምጥታ ከስድስቱ አምስቱን ኮርስ አጠፋችና በቦታቸው የፓይተንን ሰነድ ገለበጠች። ለዶርም ጓደኞቿም ሰጥታቸዋለች። ፊደሉን የሚለየው ፕሮግራሟ ግን «ሏ» ላይ 7 አለኝ ብላ ነበር የመጣችው፤ ስምንተኛዋ ቦታ የማን እንደሆነች ለማወቅ።