ፊልም ሳያዩ ለሚፈርዱ ሊቃውንት የቀረበ ምስጋና

የአገራችን ፊልም አላደገም እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች ነገሩን በአንድ ዓይን ስለሚያዩት ነው እንጂ፣ ፊልም ሠሪው ባለበት ቢቆም እንኳ ፊልም ፈራጁ ማንም በማይደርስበት ፍጥነት ገስግሷል። ሌላው ዓለም አንድን ፊልም ለመተቸት የፊልም ታሪክ ያጠና፣ በጨለማ አዳራሽ ተቀምጦ ማስታወሻ የሚይዝ፣ አንዳንዴም ያንኑ ፊልም ደግሞ የሚያይ ሰው ደመወዝ እየከፈለ ያኖራል። እኛ ግን ይህንኑ ሥራ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ፣ ረዳቱ መልስ ሰጥቶ ሳይጨርስ፣ ያለ አንዳች ክፍያ እናጠናቅቀዋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊመሰገን የሚገባው ፊልሙን ጨርሶ ሳያይ የሚፈርደው ወገናችን ነው። ያየ ሰው ይወላውላል፤ ይህ ትዕይንት ደስ ብሎት ያኛው ሊከፋው፣ መጀመሪያ ያልወደደውን ገጸ ባሕርይ ኋላ ሊያዝንለት ይችላል። ያላየው ግን ሐሳቡን የሚያደናግርበት ነገር ስለሌለ ፍርዱ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው። ልማዱም ትናንት የበቀለ አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው ፊልም የሚታይበት ቤት ሲከፈትለት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙን ካወጡትና ካዛመቱት መካከል ስንቶቹ ወደ ውስጥ ዘልቀው እንደነበር መገመት አያዳግትም። ግድግዳ ላይ ስለሚሯሯጠው ጥላ ደጅ ቆመው በሰሙት ወሬ የሰጡት ፍርድ ይኸው እስከ ዛሬ ሲጠራ፣ በዚያ ቤት የታዩትን ፊልሞች ርእስ የሚያስታውስ ሰው ግን በመብራት ተፈልጎ አይገኝም። ከሥራው ይልቅ አስተያየቱ ዕድሜ እንዳለው ለሚጠራጠር ከዚህ የበለጠ ምስክር ልናቀርብለት አንችልም።

የዛሬው ትውልድ ይህን ቅርስ ተረክቦ በዩቲዩብ አሻሽሎታል። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም በአሥር ደቂቃ ተከርክሞ፣ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ «ሰውየው» እና «ልጅቷ» ተብለው፣ በማይደክመው ተራኪ አፍ ሲቀርብለት፣ እርሱም ትረካውን ራሱ በእጥፍ ፍጥነት አድርጎ ምሳውን እየበላ ይሰማና «እሱንማ አይቼዋለሁ» ይላል። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የተሰኘውን ፊልሙን ለፍጻሜ ለማብቃት ከአሥር ዓመት በላይ ደክሟል፤ የቬኒስ ፌስቲቫል ዳኞችም በ2008 እ.ኤ.አ. 140 ደቂቃውን ሙሉ ተቀምጠው ካዩ በኋላ ነው የዳኞች ልዩ ሽልማትን የሰጡት፤ በድርሰቱም እንዲሁ ሸልመውታል። ምስኪኖች፤ ሌላ መንገድ መኖሩን የነገራቸው የለም። አንድ ወዳጄ ስለዚሁ ፊልም ሳነሣበት «ይጎተታል» ብሎ ዘጋኝ። የትኛው ክፍል እንደተጎተተበት ብጠይቀው፣ ማስታወቂያውን ብቻ ማየቱን አልሸሸገኝም። በሁለት ደቂቃ ማስታወቂያ ውስጥ የሁለት ሰዓት መጎተትን መለየት ምን ያህል የሠለጠነ ስሜት እንደሚጠይቅ አንባቢ ይፍረድ።

በአንድ ቃል ጠቅልሎ የማስቀመጥ ስጦታችንም ሳይመሰገን ሊታለፍ አይገባም። በ2015 እ.ኤ.አ. «ላምብ» በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሲሆን፣ እናቱን በሞት ያጣ ልጅ ከቀዬው ርቆ ዘመድ ቤት መጠጋቱን፣ ሊታረድ የታሰበውን በጉን ለማትረፍም የሚያደርገውን ጥረት ይተርካል። በእኛ ሰፈር ግን «የበጉ ፊልም» ተብሎ ጉዳዩ ተዘጋ። በጉ መጨረሻ ላይ ታረደ ወይስ አልታረደም የሚለው ለጥቂት ጊዜ ካከራከረ በኋላ፣ ጨዋታው ወደ በዓል ገበያ ዞሮ፣ የዘንድሮ በግ ዋጋ ከፊልሙ የበለጠ ልብ የሚሰቅል ሆኖ ተገኝቷል።

ልዩ ክብር የሚገባው ግን የምረቃ ዕለት ተመልካች ነው። ይህ ሰው በጥሪ ካርድ በነጻ ገብቶ፣ በቀይ ምንጣፍ ላይ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ፊልሙ እየታየም ፎቶግራፎቹን ለወዳጆቹ ሲልክ ቆይቶ ሲወጣ፣ በር ላይ የሚጠብቀው ጋዜጠኛ ማይክራፎኑን ያስጠጋና «እንዴት አገኙት?» ይለዋል። መልሱ ከአፉ ለመውጣት አይዘገይም፦ «በጣም ቆንጆ ነው፤ አስተማሪ ነው፤ ሁሉም ሰው ገብቶ ሊያየው ይገባል።» ፊልሙ የባንክ ዘረፋም ይሁን የመናፍስት ታሪክ፣ አስተማሪ ከመሆን የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለውም፤ ምን እንዳስተማረ የሚጠይቅ ክፉ ጋዜጠኛም እግዚአብሔር ይመስገን እስካሁን አልተወለደም። ሚዛናዊ መባል የሚፈልግ ተመልካች «መጨረሻው ግን ትንሽ ተቻኩሏል» ብሎ ያክልበታል፤ ይህች አስተያየት ለማንኛውም ፊልም ስለምትስማማ በኪስ ይዞ መዞር ይቻላል። ያው ሰው መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ደግሞ «ሁለት ሰዓቴን በሉኝ!» ይላል። በአንድ ምሽት፣ በአንድ ፊልም ላይ፣ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ሒሶችን ማቅረብ የሚችል ሰው ሌላ አገር ቢኖር ኖሮ ሁለት ደመወዝ በተከፈለው ነበር።

የሙያ ትንታኔ የሚሰጡንንም አንርሳ። እነርሱ ስለ ታሪኩ አንዳች ሳይናገሩ «ካሜራው ጥራት የለውም» በማለት ይጀምራሉ፤ ይህንም የሚሉት በቴሌግራም ያወረዱትን፣ ተመልካች ከአዳራሹ ውስጥ በስልኩ የቀዳውንና የሰው ጭንቅላት በየመሀሉ የሚያልፍበትን ቅጂ ተመልክተው ነው። ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያለው ወገናችን በበኩሉ ከትወናው ይልቅ ቤቱን ይመዝናል። ፍቅረኞቹ ሊለያዩ እያለቀሱ ሳለ እርሱ ቪዲዮውን አቁሞ፣ ይህ ቪላ ሲኤምሲ ይሁን አያት፣ ከጀርባ የሚታየው ፎቅ መቼ እንደተሠራ፣ ኪራዩም ስንት እንደሚሆን ከዘመዶቹ ጋር ይመክራል። ፊልሙ ሲያልቅ ስለ ፍቅረኞቹ የሚያውቀው ባይኖርም ስለ መሬት ገበያ ግን ተምሯል፤ አስተማሪ ነው የተባለውም እንግዲህ ያለ ነገር አይደለም።

ትወናን በማክበር ረገድ ማን ይተካከለናል? ክፉ እንጀራ እናት ሆና የተጫወተች ሴት ገበያ ስትወጣ፣ ሽንኩርት ሻጯ «ያችን የሙት ልጅ እንደዚያ ታሠቃያት?» ብላ ፊቷን ታዞርባታለች። የጉማ የፊልም ሽልማት ዋንጫ ይሰጣል፤ እንዲህ ያለውን ዕውቅና ግን የትኛውም የሽልማት ድርጅት ሊሰጥ አይችልም። የደግ ሰው ሚና የያዘው ተዋናይ በአንጻሩ በሄደበት የሚመረቅ ሲሆን፣ በደንብ መጫወት አለመጫወቱን ማንም አይጠይቀውም።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የታየውም የኅብረተሰባችን ንቃት የሚያኮራ ነበር። «ባህላችንን ሊያጠፉብን ነው» እያለ በየቡናው የሚቆጣው ሰው፣ የትኛዋ የቱርክ ሙሽራ በስንተኛው ክፍል እንደተከዳች፣ አማቷ ምን እንደዶለተችባት፣ የሚደገመውም በስንት ሰዓት እንደሆነ ያለ አንዳች ስሕተት ይዘረዝር ነበር። ጠላትን ሳያጠኑ መዋጋት ሞኝነት መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ሳያይ ከሚፈርደው ወገኑ ተለይቶ ይህን አንድ ጉዳይ ሳያቋርጥ በየምሽቱ ማየቱ እንደ መሥዋዕትነት ሊቆጠርለት ይገባል።

እንዲህ ያለ የበሰለ ፈራጅ ባለበት አገር ፕሮዲውሰሮቻችን ለካሜራ ኪራይ፣ ለመብራት፣ ለተዋናይና ለቅንብር ገንዘባቸውን ማፍሰሳቸው ብክነት ነው፤ ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ከእንግዲህ ፖስተር ብቻ ይሠራ። ዋናዋ ተዋናይት ወደ ግራ፣ ዋናው ተዋናይ ወደ ቀኝ ይመልከቱ፤ ከመካከላቸው አንድ ሽጉጥ ወይም አንድ የጋብቻ ቀለበት ይቀመጥ፤ ከታችም «በቅርብ ቀን» ተብሎ ይጻፍ። የምረቃው ሥርዓት ግን ምንም አይጓደልበት፤ ቀዩ ምንጣፍ ይነጠፍ፣ የክብር እንግዶች የፊት ወንበር ይያዝላቸው፣ መብራቱ ጠፍቶ ፖስተሩ በሸራው ላይ ለአምስት ደቂቃ ይታይ፣ ጭብጨባውም እንደ ወትሮው ይሁን። ከዚያም እንግዶቹ ወደ ደጅ ሲወጡ ጋዜጠኛው ማይክራፎኑን ያስጠጋላቸው፤ እነርሱም በጣም ቆንጆ፣ በጣም አስተማሪ እንደሆነ፣ መጨረሻው ግን ትንሽ እንደተቻኮለ ይነግሩታል።